ይግባኙ ወደቀ፤ ኪሳራውንስ ማን ይክፈል?

«ያለ ሕግ ከሄደች ጭብጦዬ በሕግ የሄደች በቅሎዬ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ትርጉሙን ለተማሪ ማስረዳትም አያስቸግርም። ሰው ጉልበተኛ ከነጠቀው አንዲት ጭብጦ ይልቅ በዳኛ ፊት ቆሞ፣ የሚናገረውን ሁሉ ተናግሮ፣ በፍርድ የተሸነፈባት በቅሎ ትሻለዋለች፤ ኪሳራው ቢበልጥም ቁጭቱ ያንሳልና። ሕዝባችን ለፍርድ የሰጠው ክብር በዚህ አጭር ተረት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መንገድ ላይ የተያያዙ ሁለት ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ እጃቸውን የሚሰበስቡትም ከዚሁ ክብር የተነሣ ነው።

ዳሩ ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ተረቺው ብቻ ነው፤ ስለ ረቺው ዝም ይላል። እውነቱ የእርሱ ሆኖ፣ ዳኛም «እውነት ብለሃል» ብሎት፣ ባላጋራው በይግባኝ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲጎትተው በቅሎውን ሸጦ የጨረሰ ሰው ምን ይባላል? የእርሱስ በቅሎ የሄደችው በሕግ ነው ወይስ ያለ ሕግ? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነገር ነው። ይኸውም፣ አንድ ሰው ይግባኝ ብሎ ይግባኙ ሲወድቅበት የክርክሩን ወጪና ኪሳራ ማን ይከፍላል? ማንስ ሊከፍል ይገባል?

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን እንለየው። «ወጪና ኪሳራ» ሲባል ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚታያቸው የጠበቃ ገንዘብ ብቻ ነው። ነገር ግን ክርክር የሚበላው በብዙ አፍ ነው። ለመዝገብ መክፈቻ የሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብ አለ፤ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ዋጋ አለ፤ የፍርድ ግልባጭ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ቴምብር አለ፤ የምስክሮች መጓጓዣና ምሳ አለ። ከዚህም ሁሉ ሌላ በቀጠሮ ቀን የሚታጠፍ ሥራ አለ። የቀን ሠራተኛ ፍርድ ቤት የዋለበት ቀን ደመወዝ የለውም፤ ጉሊት የምትቸረችር ሴት መደቧን ዘግታ ስትሄድ ደንበኛዋ ወደ ጎረቤቷ ይዞራል። ይህን የመሰለው ኪሳራ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለው ኪሳራ ደግሞ በዳኛ ዐይን አይታይም።

አንባቢ ሆይ፣ የፍርድ ግልባጭ በእጅህ ቢገባ እስከ መጨረሻው መስመር አንብበው። ብዙ ሰው ማን እንደ ረታና ማን እንደ ተረታ ካወቀ በኋላ ወረቀቱን ያጥፈዋል። የነገሩ ቅሬታ ያለው ግን ከታች ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይገኛል። አንደኛው ረቺው የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» ይላል። በእነዚህ በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ለባለጸጋ ምንም አይደለም፤ ለድኻ ግን የአንድ ዓመት ኑሮ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጥንቱ የአገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ቆመው ሲከራከሩም ውርርድ ይገቡ ነበር። አንዱ «ይህ ነገር ሐሰት ቢሆን ማር እሰጣለሁ» ሲል ሌላው «እኔስ በቅሎ እሰጣለሁ» እያለ ነገሩን ከፍ ያደርገዋል። በመጨረሻ የተረታው ወገን የተወራረደውን ይከፍላል። ተረቱ በቅሎን የመረጠውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ተረቺው መክፈሉ እውነት ነው፤ ክፍያው የሚገባው ግን ለረቺው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ውርርዱ የዳኝነት ፍሬ ነው። እንግዲህ ጥንትም ቢሆን ረቺው በእውነቱ ይመሰገናል፣ ስንቁን ጨርሶም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተረቺ የረቺን ድካም መካስ አለበት የሚለው ሐሳብ በጽሑፍ ሕግ ተጠቃሎ የመጣልን በኋላ ዘመን ነው።

ይህም ሕግ መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ሕጉ በቁጥር 462 የወጪና ኪሳራን ነገር ለፍርድ ቤቱ አስተያየት ትቶታል። ማን እንደሚከፍል፣ ከየትኛው ንብረት እንደሚከፈልና ምን ያህል እንደሚከፈል የመወሰን ሙሉ ሥልጣን የፍርድ ቤቱ ነው። ኪሳራ የተፈረደለት ወገን ያወጣውን ገንዘብ በዝርዝር ጽፎ ያቀርባል፤ ባላጋራው ዝርዝሩን አይቶ «ይህ በዛ፣ ያ አልተከፈለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም መርምሮ ይወስናል። ሥልጣኑ በመጀመሪያው ክርክር ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በፊቱ ስለ ተደረገው ክርክር ኪሳራ ይወስናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ በር አለ። ይግባኝ ባዩ ማመልከቻውን ሲያቀርብ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የሚሰማው እርሱን ብቻ ነው። ከሰማው በኋላ ፍርዱ ጉድለት የለበትም ብሎ ካመነ፣ በዚሁ ሕግ በቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይግባኙን ይሰርዘዋል። ነገሩ ያከራክራል ካለ ግን በቁጥር 338 መሠረት መልስ ሰጪው መጥሪያ ይደርሰዋል። በፊተኛው መንገድ የሄደ ይግባኝ ሲወድቅ ኪሳራው ከይግባኝ ባዩ ኪስ አያልፍም፤ መልስ ሰጪው ነገሩን ከነመኖሩም ላይሰማው ይችላል። የዛሬው ጥያቄያችን እውነተኛ ክብደት የሚኖረው በኋለኛው መንገድ ነው። መጥሪያ ደርሶት፣ መልስ አጽፎ፣ ተመላልሶ፣ በመጨረሻው «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸንቷል» የተባለለት ሰው፣ ያወጣውን ማን ይተካለታል?

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ለብዙ ዓመታት በአንድ ድርጅት ውስጥ በጽዳት ሥራ ሲያገለግሉ ኖረው ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበቱ። ከሰሱ፤ ረቱም። የሥራ ስንብትና የካሳ ገንዘብ ተፈረደላቸው። ድርጅቱ ግን በሕግ በተፈቀደው በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ፤ የፍርዱም አፈጻጸም ታገደ። የሠራተኛ ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ በመሆኑ በዚያ በኩል የጠየቃቸው አልነበረም። ነገር ግን የይግባኙን መልስ የሚጽፍላቸው ሰው ዋጋ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ከሰፈራችን ሁለት ታክሲ ይወስዳል፤ በየቀጠሮው የልጅ ልጃቸውን ለጎረቤት ትተው፣ የጀመሩትን የልብስ አጠባ ሥራ አጥፈው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ዳኛ ጎድሏል ይባላል፤ አንድ ቀን መዝገቡ ለምርመራ ተቀጥሯል ይባላል። በመጨረሻ ይግባኙ ወደቀ። ፍርዱም ጸና።

ግልባጩን ይዘው ወደ እኔ መጡና «እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ «ግራ ቀኙ ይቻሉ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እርሳቸው ያወጡትን እርሳቸው፣ ድርጅቱ ያወጣውን ድርጅቱ ይቻል ማለት እንደ ሆነ አስረዳኋቸው። ከዚያ በደብተር ወረቀት ላይ ያወጡትን አብረን ደመርን፤ ታክሲውን፣ ጽሕፈቱን፣ ኮፒውን፣ የቀሩባቸውን የሥራ ቀኖች። ከተፈረደላቸው ገንዘብ ሩብ ያህሉ ሄዷል። እርሳቸውም ወረቀቱን ትኩር ብለው አይተው «ታዲያ እኔ ረታሁ ነው የምባለው ወይስ ተረታሁ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ድርጅቱ ነገረ ፈጁን በወር ደመወዝ ቀጥሮ ያኖራል፤ ይግባኝ ቢልም ባይልም ደመወዙን ይከፍለዋል። ስለዚህ «የየራሳችሁን ቻሉ» ሲባል ለድርጅቱ የሚጨመርበት ሸክም እምብዛም የለም፤ ሴትዮዋ ግን ከጉሮሯቸው ነጥቀው ይከፍላሉ። ቃሉ እኩል ነው፤ ሚዛኑ ግን እኩል አይደለም። ዝሆንና ፍየል «የየራሳችሁን ጭነት ተሸከሙ» ቢባሉ ፍርዱ በቃል ትክክል ነው፤ ጀርባቸውን ለሚያይ ሰው ግን ትክክል አይደለም።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ዳኞች ይህን ዐረፍተ ነገር የሚጽፉት ከክፋት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ በእውነት አጠራጣሪ ነው፤ ተረቺውም ቢሆን በቅን ልቡና መብት አለኝ ብሎ የመጣ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግራ ቀኙ እያንዳንዳቸው በከፊል ረትተው በከፊል ተረትተዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ረቺው ራሱ በመልሱ ላይ ኪሳራ አልጠየቀም፤ ወይም ጠይቆ አንድም ደረሰኝ አላያያዘም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ይግባኝ መብት መሆኑ ነው። ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ይግባኝም የተሠራው ለዚሁ ነው። ይግባኝ ብሎ የተረታውን ሁሉ በከባድ ኪሳራ የምንቀጣው ከሆነ፣ ነገ እውነት ያለው ድኻም ፈርቶ ከደጃፉ ይመለሳል።

ይህ ፍርሃት ባዶ አለመሆኑን ከሌላ አገር ታሪክ እንይ። በእንግሊዝ አገር በመደበኛው ፍርድ ቤት የተረታ ሰው የረቺውን ወጪ መክፈሉ የቆየ ደንብ ነው። ለሥራ ክርክር የተቋቋሙት ጉባኤዎች ግን ከዚህ ደንብ ወጡ። በእነርሱ ዘንድ፣ ይግባኝ በሚሰማውም የሥራ ጉባኤ ቢሆን፣ በመሠረቱ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ይችላል። ኪሳራ የሚፈረደው ክሱ ወይም ይግባኙ ባላጋራን ለማስቸገር ብቻ የቀረበ እንደ ሆነ፣ መሠረት የሌለው እንደ ሆነ፣ ወይም ተከራካሪው ከአግባብ ውጭ የሆነ ጠባይ ያሳየ እንደ ሆነ ነው። የዚህም ሐሳብ ግልጽ ነው። ሠራተኛ አሠሪውን ሲከስ «ብረታ የጌታዬን ጠበቃ እከፍላለሁ» እያለ መንቀጥቀጥ የለበትም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ግን መንግሥት በእነዚህ ጉባኤዎች ደጃፍ ላይ ክፍያ ጣለ። ከሥራ ያለ አግባብ ተሰናበትኩ የሚል ሰው ነገሩ እስኪሰማለት ድረስ 1,200 ፓውንድ፣ ይግባኝ የሚል ደግሞ 1,600 ፓውንድ መክፈል ነበረበት። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ የክሶቹ ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ የማያንስ ወረደ። በአገሩ ግፍ በአንድ ሌሊት አልቀነሰም፤ የቀነሰው ግፉን የሚናገረው ሰው ነው። የሠራተኞች ማኅበር ነገሩን እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት አድርሶ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክፍያው ሰውን ወደ ፍትሕ ከመድረስ የሚከለክል ስለ ሆነ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። የተከፈለውም ገንዘብ እንዲመለስ ተደረገ። ይህ ክፍያ የተረቺ ኪሳራ ሳይሆን የመግቢያ ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው። በፍትሕ ደጃፍ ላይ ከባድ ዋጋ ሲቆም አስቀድሞ የሚሸሸው አታላዩ አይደለም፤ ድኻው ነው።

በአሜሪካም አጠቃላዩ ደንብ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጠበቃ ይክፈል የሚል ሲሆን፣ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1796 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህንኑ ሲከተል ኖሯል። እንግዲህ ዓለም በዚህ ነገር በአንድ ቃል አልተስማማም።

በእኛም አገር ቢሆን ይግባኝን በዋጋ የሚያጥሩ ደንቦች አሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አቤት የሚል ነጋዴ ከተከራከረበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ እንዲከፍል አዘዘ። ዓላማው ግብር ለማዘግየት ብቻ ይግባኝ የሚለውን ለመግታት ነው፤ ዳሩ ግን በስሕተት ግብር የተጣለበት ባለ አነስተኛ ሱቅም በዚያው በር ማለፍ አለበት። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖርና በአገር ውስጥ በቂ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሌለው ሰው ክስ ሲያቀርብ፣ ቢረታ ለኪሳራው የሚሆን ዋስትና እንዲያስይዝ ፍርድ ቤቱ ሊያዝዘው ይችላል። ምክንያቱም ተረትቶ ከባሕር ማዶ ቢቀር ረቺው ኪሳራውን ከማን ይቀበላል?

እንግዲህ ሁለት ክፉዎች በፊታችን ቆመዋል። ተረቺን ሁሉ ብናስከፍል ድኻ ይግባኝ ማለት ይፈራል። ማንንም ባናስከፍል ደግሞ ባለጸጋው ይግባኝን የጊዜ መግዣ ያደርገዋል፤ በዚህም መካከል ፍርዱ ታግዶ፣ የብሩ አቅም በገበያ እየቀነሰ፣ ረቺው በረታበት ገንዘብ ደጅ ይጠናል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፤ ያም አቅም የሌለው።

መፍትሔው ግን ከሕጉ ውጭ የሚፈለግ አይመስለኝም፤ በሕጉ ውስጥ አለ። ሕጉ ነገሩን ለዳኛው አስተያየት ሲተው፣ «እንዳሻህ አድርግ» ማለቱ ሳይሆን «መዝነህ አድርግ» ማለቱ ነው። መመዘኛዎቹም ሩቅ አይደሉም። ይግባኝ ባዩ አዲስና እውነተኛ የሕግ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው ወይስ በሥር ፍርድ ቤት የተጣለበትን ቃል ደግሞ ሊያወራ? ቀጠሮውን አክብሮ ተከራከረ ወይስ በረባ ባልረባው እያስለወጠ አጓተተ? የግራ ቀኙ አቅም ምን ያህል ይለያያል? የክርክሩ ገንዘብና የተጠየቀው ኪሳራስ ተመጣጣኝ ነውን? በቅን ልቡና ተከራክሮ የተረታ ድኻ የየራሱን ይቻል ቢባል ደግ ነው። ለማጓተት ብቻ ይግባኝ ያለ ባለጸጋ ግን የሌላውን ሰው ዓመት በልቷልና ይክፈል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እመኛለሁ፤ ይኸውም ዳኞቻችን ምክንያቱን እንዲጽፉልን ነው። የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ ሲዘጋጅ ብዙ የተቀዳለት የህንድ አገር የ1908 ሕግ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ስለዚህ ነገር ግሩም ቃል አለው። ፍርድ ቤቱ ኪሳራ የረቺን መንገድ እንዳይከተል ሲያዝዝ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽ ይላል። አንድ መስመር ይበቃል። «ይግባኙ በቅን ልቡና የቀረበ በመሆኑ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» የተባለ ሰው ምንም እንኳ ገንዘቡን ባያገኝ ነገሩ ይገባዋል። ያለ ምክንያት «ይቻሉ» የተባለ ግን ያ መስመር ከማኅተሙ ጋር አብሮ የሚታተም ይመስለዋል። በተረታችን ቋንቋ እንናገር እንደ ሆነ፣ በሕግ የሄደች በቅሎ የማትቆጨው ለምን እንደ ሄደች ሲነገረን ነው።

ዳኞች የሚጽፉትን እኛ አናዝዝም፤ እኛ ልናደርግ የምንችለው ግን አለ፤ እርሱም ትንሽ አይደለም። በክርክር ውስጥ ላለ ወይም ነገ ሊገባ ለሚችል አንባቢ እነዚህን ምክሮች ልስጥ።

መጀመሪያ፣ ኪሳራን ጠይቅ። ክስ ስታቀርብም ሆነ ለይግባኝ መልስ ስትሰጥ በማመልከቻው መጨረሻ «የዚህ ክርክር ወጪና ኪሳራ እንዲተካልኝ» የሚል ቃል አስጽፍ። ያልጠየቅኸውን ዳኛ አስታውሶ እንዲሰጥህ አትጠብቅ። የገንዘብ ፍርድ እንደ ሆነም ወለዱን አትርሳ፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ነገር በይግባኝ ሲጓተት ወለዱ የጠፋውን ጊዜ በመጠኑ ይክሳል።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ሰብስብ። አንድ ፖስታ አዘጋጅና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጽሕፈቱን፣ የኮፒውን፣ የአውቶቡሱን ትኬት ሁሉ በውስጡ አኑር። ጠበቃ ከያዝህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የከፈልኸውንም በደረሰኝ ተቀበል። ፍርድ ቤት የዋልህባቸውን ቀኖችም በደብተር ላይ መዝግብ። ዝርዝሩን ስታቀርብ ግን ሐቀኛ ሁን፤ የተጋነነ አንድ ቁጥር እውነተኞቹን አሥር ቁጥሮች ያስጠረጥራቸዋል።

ሦስተኛ፣ የባላጋራህን ማጓተት በጊዜው ተናገር። ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ ሲያስለውጥ በዚያው ቀን ተነሥተህ በትሕትና «በከንቱ ተመላልሻለሁና ኪሳራዬ ይታሰብልኝ» በል። ቃልህ በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ፣ በመጨረሻው ቀን ዳኛው ስለ ኪሳራ ሲያስብ ማን እንዳጓተተ ከመዝገቡ ያየዋል።

አራተኛ፣ ድኻ ከሆንህ መብትህን ዕወቅ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድኽነቱን አስረድቶ በነፃ እንዲከስ ሕጉ ፈቅዶለታል። በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማእከሎች አሏቸው፤ እዚያ ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምክር ለይግባኝ ባዩ ነው። በፍርድ በተረታህ ማግሥት ልብህ ሲቃጠል ወደ ጠበቃ አትሩጥ። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው፤ በተራው የፍትሐ ብሔር ክርክር ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ 60 ቀን፣ በሥራ ክርክር 30 ቀን። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ቀን ቁጣህ እስኪበርድ ስጠው። ከዚያ ግልባጩን ቁጭ ብለህ አንብብና ራስህን ጠይቅ፤ «ዳኛው የሳቱት ምኑ ላይ ነው?» ብለህ። መልሱን በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻልህ ይግባኝህ መንገድ አለው። መልስህ «እንዲያው ተበደልኩ» ብቻ ከሆነ ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለውን አስብ። ሳሩ የይግባኝ ተስፋ ነው፤ ገደሉ የራስህ ወጪ፣ ከዚያም በላይ የባላጋራህ ኪሳራ ነው።

እነዚያ የሰፈራችን እናት ገንዘባቸውን ተቀብለዋል። ከእርሱም ላይ ዕዳቸውን ከፍለው በተረፈው የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል። ስለ ድርጅቱም ሆነ ስለ ዳኛው ክፉ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ነገር ግን ለጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ደኅና መልስ አላገኘሁለትም። ረትተዋል እንዳልላቸው በደብተሩ ላይ የደመርነው ቁጥር አለ፤ ተረትተዋል እንዳልላቸው የፍርዱ ማኅተም አለ። መልሱ መገኘት ያለበት በዚያች በፍርዱ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው። በዚያች መስመር ላይ ከምክንያቱ ጋር የተጻፈ አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ እኔም ለጥያቄያቸው መልስ በሰጠኋቸው ነበር።